«በቃ» የሚለውን መሣሪያ ማን ይግዛው?

በግብርና ኤግዚቢሽን ላይ ሰው የሚከበው ድሮኑን ነው። ባለሥልጣኑ ቆም ብሎ የሚጎበኘው እሱን፣ የቴሌቪዥን ካሜራ የሚዞረውም ወደ እሱ ነው። ድሮን አልጠላም። ወጣቶቻችን ያለ ጭንብልና ያለ ጓንት መርጫ አዝለው፣ ስንዴ ማሳ ውስጥ ኬሚካል ሲተነፍሱ መዋላቸው ቀርቶ ድሮን ቢረጭላቸው ማን ይጠላል? ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስለ ስማርት ግብርና ስናወራ ዓይናችን ሁልጊዜ የሚያርፈው በሚጨምር መሣሪያ ላይ ነው፤ ብዙ የሚያርስ፣ ብዙ የሚረጭ፣ ብዙ ውኃ የሚስብ። በሜጫ ወረዳ በመስኖ ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት የገበሬ እጅ ሲያርም ያየሁት ዕቃ ግን ሥራው «በቃ» ማለት ብቻ ነው። ዋጋውም ከድሮን ጋር አይነጻጸርም።

አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ፣ ከመሬት በላይ የሚቆም ቀጭን ቱቦ ያለው ፕላስቲክ ነው። የፈለሰፈው ሪቻርድ ስተርዛከር የተባለ፣ በአውስትራሊያ መንግሥት የሳይንስ ምርምር ተቋም የሠራ የአፈር ሳይንቲስት ነው። ተመራማሪዎቹ «ዌቲንግ ፍሮንት ዲቴክተር» ይሉታል፤ እኛ ጠቋሚው እንለው ነበር። የሚቀበረው የሰብሉ ሥር በሚደርስበት ጥልቀት ነው። ማሳው ሲጠጣ ውኃው አፈሩን እያራሰ ይወርድና አፉ ላይ ሲደርስ ጠባቡ ታች ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ ያለችውን ተንሳፋፊ ያነሣታል፣ እሷም ከመሬት በላይ ቀይ ምልክት ብቅ ታደርጋለች። ባትሪ የለው፣ ሲም ካርድ የለው፣ አፕሊኬሽን የለው።

የሚቀበረው ጥንድ ሆኖ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር። የላይኛው ምልክት ብቅ ሲል ቦዩን መዝጋት ነው። የታችኛውም ብቅ ካለ ውኃው ሥሩን አልፎ ወርዷል፤ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ዩሪያም አብሮት ወርዷል። ይህን የሚጠራጠር ሰው የተጠራቀመውን ውኃ በስሪንጅ ስቦ በናይትሬት መለኪያ ወረቀት ይፈትሸው። የወረቀቱ ቀለም በደመቀ ቁጥር ገንዘቡ የት እየሄደ እንደሆነ ይገባዋል። ስብሰባ ላይ ለሰዓታት ስለ ውኃ ቁጠባ ከማስተማር ይህችን ወረቀት ማሳየት እንደሚሻል ደጋግሜ አይቻለሁ። «ውኃ ቆጥብ» ሲባል ዝም የሚለው ገበሬ፣ «ዩሪያህ እዚህ ነው ያለው» ሲባል ጎንበስ ብሎ ያያል።

ይህን ያየሁበትን ቆጋን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ መርዓዊ አጠገብ ያለ፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ የመስኖ ግድብ ነው። በበጋ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ይመረትበታል። የዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ጠቋሚውን እዚህ ከገበሬዎች ጋር ሞክረውታል። በጠቋሚው ምልክት የተመሩት ማሳዎች ከተለመደው ያነሰ ውኃ ጠጡ፤ ምርታቸው ግን አልጎደለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። አንድ የውኃ አባት (የመስኖ ተራ አከፋፋይ) የነበሩ አዛውንት፣ አያ እገሌ ልበላቸው፣ ጠቋሚውን ዙሪያውን ካዩት በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ አይዋሽም። ነገር ግን በሚመጣው ተራዬ ውኃው መምጣቱን ማን ይነግረኛል? ዛሬ እጄ ላይ ያለውን ካላጠገብኩት የዛሬ ሳምንት ሽንኩርቴን ምን ልበለው?»

«አያ፣ ተራው ቢከበርስ?» አልኳቸው።

«ተራው ከተከበረማ ዕቃህ ባይኖርም ግማሹን እተው ነበር።»

ሰውየው የነገሩኝ የመስኖ ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ነው። በቦዩ ራስጌ ያለ ገበሬ ማሳውን የሚያጥለቀልቀው ውኃ አብዝቶ ማጠጣት ሰብል እንደሚጎዳ ስላላወቀ አይደለም። ያልታመነ ተራ ላይ የሚከፍለው መድን ነው። በግርጌ ያለው ደግሞ ሌሊት ባትሪ ይዞ ወጥቶ የጎረቤቱን ቦይ ይዘጋል፤ ጠዋት ሽማግሌ ይቀመጣል። ስለዚህ መሣሪያው የሚሠራው ተራውን የሚያስከብር ማኅበር ካለ ነው። ማኅበሩም ቢሆን መሣሪያው ሲኖረው ሥራው ይቀለዋል፤ «የአንተ ማሳ ጠግቧል» የሚለው ነገር ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ ቀይ ምልክት ሲዛወር ጠቡ ይበርዳል። በሰው ፊት የሚቆጣ ገበሬ በፕላስቲክ ላይ አይቆጣም።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ እንዳይመስል፣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠቋሚና ቻሜሌዮን የሚባል ሌላ የርጥበት መለኪያ በታንዛኒያ፣ በሞዛምቢክና በዚምባብዌ ለትንንሽ የመስኖ ገበሬዎች ሰጥተዋል። ቻሜሌዮን በሦስት ቀለም ነው የሚናገረው፤ ሰማያዊ ሲሆን አፈሩ ጠግቧል፣ አረንጓዴ ሲሆን ይበቃዋል፣ ቀይ ሲሆን ተጠምቷል። እንደ ታንዛኒያው ኪዌሬ ባሉ መስኖዎች ገበሬዎቹ በመሣሪያዎቹ እየተመሩ የሚያጠጡበትን ጊዜ አራራቁት፤ ምርት ተሻሻለ፣ በውኃ የሚነሣው ጠብም ቀነሰ። በተለይ የማረከኝ የተረፈው ጊዜ ነው። ቦይ ሲጠብቅ የሚውል የነበረ ሰው ሌላ ሥራ ያዘ። እኛ አገር የሴቶችንና የልጆችን የሌሊት መስኖ ጥበቃ ማን ቆጥሮት ያውቃል?

እንግዲህ ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን ገበያ ላይ አናገኘውም? መልሱ ቀላልና መራራ ነው። የማዳበሪያ አስመጪ የሚያተርፈው ኩንታል ሲሸጥ ነው። የኬሚካል ነጋዴ ሊትር ሲሸጥ፣ የፓምፕ ነጋዴ ፓምፕ ሲሸጥ። ገበሬው ሳይረጭ በቀረው ኬሚካልና ሳያፈስ በቀረው ውኃ የሚያተርፍ ነጋዴ የለም። ነጋዴን አልወቅስም፤ ሥራው ነው። የግሉ ዘርፍ ግብርናን በቴክኖሎጂ ያዘምነዋል ሲባል ግን የትኛውን ቴክኖሎጂ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። የሚያስቀረውን መሣሪያ ገበያ ብቻውን አያመጣውም። የመንግሥት ገንዘብ መሄድ ያለበት እዚያ ላይ ሆኖ ሳለ፣ እሱም ተከትሎ ወደ ድሮኑ ይሮጣል።

ማዳበሪያን ውሰዱ። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ከዳር እስከ ዳር ምክሩ አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ቀይ አፈር ሆነ ዋልካ፣ ሜዳ ሆነ ተዳፋት ልዩነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት አገሪቱን እየዞረ ናሙና ሰበሰበና መሬታችን ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ሰልፈር፣ ዚንክ፣ ቦሮን ጭምር እንደሚጎድለው አሳየ። ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስና ቅይጦቹ መጡ። የቦሮኑና የዚንኩ ጥቅም እስከ ዛሬ ባለሙያዎችን ያከራክራል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ጥናት ያገኘነው ትልቁ ነገር አንድ ምክር ለሁሉም አይሆንም የሚለው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምርምር ደግሞ ልዩነቱ በወረዳና በወረዳ መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ጋራ ላይም እንዳለ አሳየ። በስንዴ አብቃይ ደጋዎች በተሠሩ ሙከራዎች፣ ያው ማዳበሪያ በጋራው ግርጌ ሲገባ ምርቱ ደህና ይጨምራል፤ ወገቡ ላይ ጭማሪው ይቀንሳል፤ ተዳፋቱ ላይ ጥቅሙ እየመነመነ ይሄዳል። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። ለሙ አፈር ታጥቦ ግርጌ ተከማችቷል፣ ርጥበቱም እዚያ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ከአያቱ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር የሳተላይት የከፍታ መረጃና የአፈር ካርታ ተጣምረው ለዚህ ማሳ ይህን ያህል ማለት መቻላቸው ነው። ለተዳፋቱ የሚነግሩትም አብዛኛውን ጊዜ «ማዳበሪያውን ቀንሰህ መጀመሪያ እርከን ሥራ፣ ፍግና ኮምፖስት አግባ» የሚል ነው።

የአሲዳማ አፈር ነገርም ተመሳሳይ ነው። ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማነት አለበት፤ ጎጃም ደግሞ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የተበተነ ፎስፈረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ሰብሉ አያገኘውም። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት በሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ ያስፈልጋል። ኖራ ከባድ ነው፣ ማጓጓዣው ውድ ነው፣ ውጤቱም እንደ ዩሪያ በሳምንት ቅጠል አረንጓዴ አድርጎ አይታይም።

አንድ ጊዜ በአንድ ጽሕፈት ቤት፣ የአንድ ቀበሌ ተዳፋት ማሳዎች በዚያ ዓመት ማዳበሪያቸው ተቀንሶ በምትኩ ኖራ እንዲቀድም ሐሳብ አቅርቤ ነበር። «ዕቅዱን ልታስጥለን ነው?» ተባልኩ። የተናገረኝ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም የሚመዘንበት ቅጽ አለው። ቅጹ ላይ ያለው «የተሠራጨ ማዳበሪያ በኩንታል» ነው። «ሳያስፈልግ ቀርቶ የዳነ ማዳበሪያ» የሚል ዓምድ የለም። በቅጹ ሒሳብ ብልህ ገበሬ ያለበት ቀበሌ ሰነፍ ቀበሌ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ ገበሬው በየዩኒየኑ ደጅ ተሰለፈ። ያኔ እንኳን ቅጹ አልተለወጠም።

የባከነው ዩሪያ ደግሞ ባክኖ አይቀርም። የቆጋ ወንዝ ግልገል ዓባይን ይቀላቀላል፣ ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጣናን ዳር የወረረው እምቦጭ የሚፋፋው ከየማሳውና ከየከተማው ታጥቦ በሚወርድ ንጥረ ነገር ነው። ከየማሳው ስንት፣ ከየከተማው ቆሻሻ ስንት ብሎ መለየት የእኔ ሙያ አይደለም። ሆኖም እምቦጭ ለመንቀል በየዓመቱ ሰው ሲዘምት፣ ከላይ ያለውን ማሳ ደግሞ «ኩንታል ጨምር» እያልን መቀጠላችን አይገጥምልኝም።

የስንዴ ዋግ ነገር ትንሽ ተስፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ጠራረገው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ በአርሲና በባሌ ዲገሉን መታው። ከዚያ በኋላ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የብሪታኒያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከልና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነው የዋጉ ብናኝ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድና የት ርጥበትና ሙቀት እንደሚመቸው አስቀድሞ የሚተነብይ ሥርዓት አቋቋሙ። መስክ ላይ ያለው ባለሙያ ያየውን በስልኩ ይልካል፣ ትንበያው ተመልሶ ይመጣል። እኔ የምወድለት ማስጠንቀቂያውን ብቻ አይደለም። «በዚህ ሳምንት እዚህ ስጋት የለም» ማለት መቻሉም ነው፤ ያ አንድ ዙር ኬሚካል ያስቀራል። ግን ገበሬው ጋ የሚደርሰው በአብዛኛው «እርጭ» የሚለው ነው። «አትርጭ» የሚል መልእክት ለመላክ የሚደፍር ኃላፊ ማግኘት ይከብዳል፤ ከተሳሳተ ይጠየቅበታላ።

መልእክቱ የሚደርስበት መንገድ ላይም አንድ ነገር ልበል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር ተራ ቀፎ ላለው፣ ማንበብ ለማይችል ገበሬ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች በድምፅ ይመልሳል። በእኔ ግምት አገሪቱ ለግብርና ከሠራቻቸው ዲጂታል ነገሮች ሁሉ ይበልጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ፣ በየልማት ሠራተኛው ታብሌት ላይ የተጫነው አፕሊኬሽን ሁሉ ባዶ መስታወት ሆነ። መሬት ውስጥ የተቀበረው ፕላስቲክ ግን ቀይ ምልክቱን ማውጣት አላቋረጠም። ለዚህ አገር መሣሪያ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» ብሎ ይጠይቅ።

አሁን ወዳጆቼ የሚቀየሙበትን ልናገር። የሶላር ፓምፕ ንጹሕ ነው፣ ጭስ የለው፣ የነዳጅ ወረፋ የለው፤ ሁሉም ያወድሰዋል። በመቂና በባቱ ዙሪያ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬ ቤንዚን ገዝቶ ከዝዋይ ሐይቅ ውኃ መሳብ ምን ያህል እንደሚያስመርረው አውቃለሁ። ነገር ግን ያ መራራ ነዳጅ አንድ ሥራ ይሠራ ነበር፤ «ሞተሩን አጥፋ» ይል ነበር። ፀሐይ እንዲህ አትልም። ፀሐይ እስካለች ውኃው ይፈሳል፤ ተጨማሪ ሊትር ተጨማሪ ብር አያስወጣም። ሐሮማያ ሐይቅ ደለል፣ የከተማ ፍጆታ፣ የጫትና የድንች መስኖ ተባብረው ሲያደርቁት ሶላር ፓምፕ ገና አልተስፋፋም ነበር። ሶላር ፓምፕ አይሰጥ አልልም። ያለ ቆጣሪና ያለ ርጥበት ጠቋሚ በድጎማ የሚታደል ሶላር ፓምፕ ግን ዘላቂ ግብርና ተብሎ ሲጠራ ይከነክነኛል።

«ገበሬው መሬቱን ያውቃል፣ ፕላስቲክ ምን ያስተምረዋል?» የሚሉኝ አሉ። ገበሬው ላዩን ከማንኛችንም በላይ ያውቃል። አፈሩን ጨብጦ፣ የቅጠሉን አጣጣፍ አይቶ የሚፈርደው ፍርድ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። አርባ ሴንቲ ሜትር ከመሬት በታች ያለውን ግን እኔም እሱም አናየውም። ላዩ ሲሰነጠቅ ታቹ ገና ጭቃ ሊሆን ይችላል። ጠቋሚው ከተቀበረ በኋላ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ይመጣል፤ ገበሬው ጥቂት ወቅት ከሠራበት በኋላ ምልክቱ ከመውጣቱ በፊት «አሁን ይወጣል» ማለት ይጀምራል። ያኔ ዕቃውን ነቅሎ ለሌላው መስጠት ይቻላል።

ሌላው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ ዕቃውም ያልቃል። መኪናው ይሄዳል፣ ተንሳፋፊዋ ትሰበራለች፣ መለዋወጫ የለም። ስሪንጁን ከመርዓዊ መድኃኒት ቤት ይገዙታል፣ ሌላውን ከየት ያመጡታል? እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ የሚያስፈልገው። ጄሪካንና ሳፋ የሚያወጡ የፕላስቲክ ፋብሪካዎች አሉን። የፈጠራ መብቱን ከባለቤቱ ጋር ተደራድሮ እዚሁ ማስመረት ከአንድ ድሮን ግዢ የከበደ ድርድር አይመስለኝም። ለእያንዳንዱ ገበሬ መስጠትም አያስፈልግም። ለአንድ የመጨረሻ ቦይ አንድ ጥንድ ይበቃል፤ ባለቤቱ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ይሁን፣ የሚያነበው የውኃ አባቱ ይሁን፣ ምልክቱ የወጣበት ቀን በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ።

የግድቡ ሰዎች ደግሞ ለአያ እገሌ ጥያቄ መልስ ይስጡ። ውኃው የሚለቀቅበትን ቀን በየቦዩ አስቀድመው ይለጥፉ፤ ከቀኑ ካለፈ ለምን እንዳለፈ በ8028ም ቢሆን በድምፅ ይናገሩ። ይህ ሳይደረግ ጠቋሚ ብታድሉ ገበሬው ቀዩን ምልክት አይቶ ውኃውን ይቀጥላል፤ እኔም ብሆን እቀጥል ነበር።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶቻችን ያለኝ ጥያቄ ከዚህም ያንሳል፤ በሪፖርት ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ። አንዱ በምክር የቀረ ማዳበሪያና ኬሚካል፣ ሁለተኛው በመስኖ ግርጌ ያሉ ማሳዎች ውኃ ያገኙበት ቀን። የልማት ሠራተኛው በእነዚህ ከተመዘነ ተዳፋቱ ላይ ቆሞ «እዚህ አታግባው» ለማለት ድፍረት ያገኛል። የመኸሩ አጨዳ አልቆ የበጋው ቦይ ከመከፈቱ በፊት የዓመቱ ቅጽ ይታተማል፤ ዓምዶቹ እዚያው ይግቡ።